ኦፕን ሬይልስን በአሮጌ ኮምፒውተር ሳይንቀራፈፍ ማስኬድ

የባቡር ማስመሰያ ጨዋታ ለመጫወት የግድ አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልግም። ኦፕን ሬይልስ ነፃ ነው፤ በ2001 ለወጣው ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር የተሠሩትን መስመሮችና ባቡሮች ይከፍታል። ስቲም የተባለውን የጨዋታ መሸጫና ማስነሻ ፕሮግራምም አይፈልግም። ስቲም ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ዊንዶውስ 7ንና 8ን መደገፍ ስላቆመ፣ ለአሮጌ ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አዳዲሶቹ የኦፕን ሬይልስ ዕትሞች እንዲሠሩ ዶትኔት ፍሬምወርክ 4.7.2 የተባለውን የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ሰርቪስ ፓክ 1 ሊኖረው ይገባል። ዶትኔቱን ሲጭኑ ዲ3ዲኮምፓይለር_47 የሚባል ፋይል የለም ብሎ ከቆመ፣ ኬቢ4019990 የተባለውን የማይክሮሶፍት ማሻሻያ አስቀድመው ይጫኑ። መስመሮቹን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ዊንዶውስ እዚያ መጻፍ ይከለክላል። ለብቻው ፎልደር ይክፈቱና ግሎባል፣ ራውትስ፣ ሳውንድና ትሬንስ የተባሉትን ጎን ለጎን ያድርጓቸው፤ ከዚያ ኦፕሽንስ ገብተው ኮንቴንት በሚለው ገጽ ላይ ያንን ፎልደር ይጨምሩ። መስመሩ በዝርዝሩ ካልታየ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ራውትስን ራሱን መምረጥ ነው፤ የሚመረጠው አራቱን የያዘው ነው።

አሁን ቅንብሩን በግምት ከመነካካት በፊት ይለኩ። ኤክስፕሎር ራውት በሚለው አጭር ባቡር ይዘው ይግቡ፤ ሌላ ባቡር ስለሌለ ልኬቱ አይዛባም። ኤፍ5ን ይጫኑ፣ ቀጥሎ ሺፍትን ይዘው ኤፍ5ን እየደጋገሙ የዲበግ ገጹ ላይ ይድረሱ። ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ የሚሳሉትን ምስሎች ብዛት)፣ ሜሞሪውን፣ እንዲሁም ሬንደር (ሳዩ)፣ አፕዴተር (አስሊው)፣ ሎደር (ፋይል ጫኙ)ና ሳውንድ (ድምፁ) የተባሉት ሥራዎች ምን ያህል እንደተጠመዱ በመቶኛ ያሳያል። ቁጥሩን ይያዙና የመስኮቱን መጠን ከ1366 በ768 ወደ 1024 በ576 ዝቅ አድርገው እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይለኩ። ፍሬሙ ከጨመረ የሚያንቀው ግራፊክሱ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው።

በሁለቱም በኩል መጀመሪያ የሚጠፋው ዳይናሚክ ሻዶውስ ነው፤ ለጥላው ሲባል ዕቃው ሁሉ ተጨማሪ ጊዜ ይሳላል። ግራፊክሱ ከሆነ የዕቃዎችን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን አንቲ አልያሲንግንም ያጥፉና በትንሹ መስኮት ይቆዩ።

ፕሮሰሰሩ ከሆነ ዋናው ቪውዊንግ ዲስታንስ፣ ማለትም እስከ ምን ርቀት ድረስ እንደሚታይ የሚወስነው ነው። መነሻው 2000 ሜትር ነው። የእነዚህ መስመሮች መሬት 2048 ሜትር በ2048 ሜትር በሆኑ ካሬዎች የተከፋፈለ ነው፤ ርቀቱን እጥፍ ሲያደርጉት የሚሳለው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል። በደካማ ማሽን ከ1200 እስከ 1500 ይሞክሩ። ከዚያ በመስመሩ ዙሪያ የሚታዩትን ዕቃዎች ብዛት የሚወስነውን ወርልድ ኦብጀክት ዴንሲቲን ይቀንሱ፤ አንዳንድ የዕቃ ዓይነቶች ከነጭራሹ አይታዩም፣ ባቡሩ ግን ይሄዳል። የፉርጎ ብዛትም ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ፉርጎ ይሳላል፣ ፊዚክሱም ለብቻው ይሰላል። ከ20 እስከ 40 እየዘለለ ከሚሄድ ፍሬም የተረጋጋ 30 እጅግ ይሻላል።

ፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ ጨዋታው በየመሀሉ ቀጥ የሚል ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲስኩ ነው፤ አዲስ ካሬ ሲጫን ሎደሩ ሃርድ ዲስኩን ይጠብቃል። 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ዲስክ) መግጠም ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በተለይ የሚክስ ነው። የቀንና የሌሊት ቴክስቸር (የዕቃዎች ገጽ ምስል) ሲያስፈልግ ብቻ እንዲጫን የሚያደርገውን ምርጫም ያብሩ።

የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ግራፊክሱ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር ይጋራል፤ ሁለት ራም ደግሞ በአንድ ጊዜ ስለሚነበብ ከአንድ ባለ8 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ4 ይሻላል። ራም ሲገዙ ነባሩን አውጥተው ጽሑፉን ያንብቡ፤ ዲዲአር3ኤል በ1.35 ቮልት ይሠራል፣ ተራው ዲዲአር3 ደግሞ 1.5 ቮልት ይፈልጋል፣ 1.35ቱን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ በተራው ዲዲአር3 አይነሳም።

በጥሩ ፍሬም ጀምሮ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ የሚወርድ ከሆነ ቅንብሩን ይተዉት፤ ማሽኑ ስለጋለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። አቧራውን ከፋኑ ያጽዱ፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ተርማል ፔስት ይቀይሩ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ ይጫወቱ።

ጨዋታው ሲከፈት ከወደቀ ዴስክቶፕ ላይ ኦፕንሬይልስሎግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ያገኛሉ። ከታች ወደ ላይ ያንብቡት፤ የጎደለው ወይም የተበላሸው ፋይል ስሙ ብዙ ጊዜ እዚያው መጨረሻው አካባቢ ተጽፏል።