ድዋርፍ ፎርትረስ ላይ አሪፍ አድርጎ መሸነፍ፦ የጀማሪ መመሪያ

ድዋርፍ ፎርትረስ ሚባለው የኮምፒውተር ጌም ማሸነፊያ የለውም። ቀልድ አይደለም፣ "አሸነፍክ" ብሎ ሚጨርስ ስክሪን የለም፣ የመጨረሻ ሌቭልም የለም፣ ያላችሁ ነገር መሬት ውስጥ ምትቆፍሩት ምሽግና እሱ ሚፈርስበት ቀን ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ከድሮ ጀምሮ "መሸነፍ ደስ ይላል" ነው ሚሉት፣ ግን ቱቶሪያል ስትፈልጉ ሁሉም እንዴት እንደማትሞቱ ነው ሚያስተምራችሁ። እኔ ደሞ እንዴት ብትወድቁ እንደሚጥም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሽንፈት ሁሉ እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ደባሪ ነው፣ አንዳንዱ ለጓደኛ እየሳቃችሁ ምታወሩት ነው። መለኪያዬ አንድ ናት፦ ምሽጉ ከወደቀ በኋላ ወደኋላ እየሄዳችሁ "ይሄ የሆነው በዛ ምክንያት ነው፣ ያ ደሞ የመጣው እኔ እንዲ ብዬ ስላዘዝኩ ነው" ማለት ከቻላችሁ አሪፍ ሽንፈት ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ጌሙን ሚሰሩት ታርን እና ዛክ አዳምስ ሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ በ2002 ጀምረው በ2006 ለህዝብ ለቀቁት፣ እስካሁንም እየጨመሩበት ነው (የፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ለብዙ አመት ስእል ሚባል አልነበረውም፣ ድመቷም ሰውየውም ዛፉም ፊደልና ምልክት ነበሩ፣ በታህሳስ 2022 ግን ስቲም ሚባለው የኦንላይን ጌም መሸጫ ላይ ስእልና ማውስ ያለው ቨርዥን ወጣ። ስቲሙ በብር ነው፣ የድሮው ፊደል ያለው ግን አሁንም በነጻ ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምትሞክሩ ከሆነ የስቲሙን እመርጥላችኋለሁ፣ የሞታችሁበትን ነገር በአይናችሁ ማየት ሌላ ነው።

መጀመሪያ አለሙን ትፈጥራላችሁ። ትንሽ አለም ምረጡ፣ ታሪኩንም አጭር አድርጉት። ጌሙ እናንተ ከመግባታችሁ በፊት የመቶ ምናምን አመት ታሪክ ነው ሚፈጥረው፣ ጦርነቱን፣ ንጉሱን፣ ማን ማንን እንደገደለ፣ ሁሉንም ይመዘግባል፣ አለሙ በገዘፈና ታሪኩ በረዘመ ቁጥር ኮምፒውተራችሁ ይሰቃያል። ከሁሉም ሽንፈት ደባሪው ደሞ ይሄ ነው፦ ህዝቡ ሲበዛ፣ እቃው ሲከማች፣ ጌሙ እየተንቀራፈፈ መጥቶ አንድ ሰው በር እስኪከፍት ቡና ምታፈሉበት ይሆናል፣ ከዛ ማንም ሳይገድላችሁ ስልችት ብሏችሁ ትተዉታላችሁ። ሴቲንግ ላይ የህዝብ ጣሪያው 200 ሆኖ ነው ሚመጣው፣ 80 አካባቢ አውርዱት። ለመውደቅ 80 ሰው ይበቃል፣ እመኑኝ።

ቦታ ስትመርጡ ከጎብሊን (ምሽጋችሁን ሚያጠቁ ክፉ ፍጥረቶች ናቸው) አትሽሹ። ብዙ ጀማሪ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልግና ሁለት አመት ወንበርና አልጋ ሲሰራ ይከርማል፣ ጠላት ከሌለ ግን ታሪክም የለም። ዛፍ ያለበት፣ ለእርሻ ሚሆን አፈር ያለበት፣ ብረት ያለበት፣ ጎረቤቱ ጎብሊን የሆነ ቦታ ምረጡ። አኩፈር ሚባለውን፣ ማለትም ስትቆፍሩ ከግድግዳው ውሃ ሚያፈልቀውን ድንጋይ፣ ለጊዜው ተዉት፣ በተለይ ሄቪ ሚባለውን። ሬሳ እየተነሳ ሚያሳድድበት ቦታም አለ፣ እሱን ለሶስተኛ አራተኛ ሽንፈታችሁ አቆዩት፣ መጀመሪያ ላይ ከገባችሁበት ምን እንደገደላችሁ እንኳን ሳይገባችሁ ያልቃል።

በሰባት ድዋርፍ (ምሽጉ ውስጥ ሚኖሩት ድንክ ሰዎች ናቸው) እና በአንድ ጋሪ ትጀምራላችሁ፣ ወቅቱ ጸደይ ነው። የመጀመሪያው አመት ስራ አሰልቺ ስለሆነ ቶሎ እንለፈው፦ ቆፍራችሁ ግቡ፣ አፈር ውስጥ እርሻ አድርጉ፣ ፕላምፕ ሄልሜት ሚባለውን እንጉዳይ ዝሩ (አመቱን ሙሉ ይበቅላል፣ በጥሬው ይበላል፣ መጠጥም ይጠመቅበታል)፣ በርሜል ስሩ፣ መጠጥ ጥመቁ። መጠጡ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ ድዋርፍ አልኮል ካጣ ስራው ይንቀራፈፋል ፊቱም ይጠቁራል። አንድ ወጥመድ ብቻ ልንገራችሁ፦ እንጉዳዩን በጥሬው ሲበሉት ወይ ሲጠምቁት ዘሩ ይተርፋል፣ ኩሽና ውስጥ ሲያበስሉት ግን ዘሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚ የኩሽና ሜኑ ገብታችሁ እንዳይበስል ከልክሉ። ይሄን ያላወቀ ሰው ክረምት ላይ ወንዙ በረዶ ሆኖ፣ በርሜሉ ባዶ ሆኖ፣ ህዝቡ በጥም ሲረግፍ ያያል፣ እሱ ደሞ ከደባሪዎቹ ሽንፈቶች ውስጥ ነው። መኸር ላይ ከድዋርፎቹ ሀገር ነጋዴ ይመጣል፣ የጎደላችሁን ከሱ ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ምመክረው አንድ ምሽግ ላይ አንድ ብቻ ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር እንድትሞክሩ ነው። ሶስት አራት አደገኛ ፕሮጀክት ባንዴ ካስኬዳችሁ ስትወድቁ ምን እንደጣላችሁ አታውቁም፣ አንድ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ለመጀመሪያው ውሃ በጣም አሪፍ ነው። በዚ ጌም ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ከ1 እስከ 7 ይለካል፣ ግፊትም አለው፣ ማለትም ከወንዝ ዝቅ ወዳለ ክፍል ቦይ ከቆፈራችሁ ውሃው ወርዶ በዛው አይቆምም፣ መንገድ ካገኘ ወንዙ ካለበት ከፍታ ድረስ ተመልሶ ይወጣል። እና ምን ይሆናል፣ "ቆንጆ የጉድጓድ ውሃ ልስራ" ብላችሁ ከስር ቆፍራችሁ ወንዙን ስትነኩት መጀመሪያ ቆፋሪው ይወሰዳል፣ ከዛ መጋዘኑ፣ ከዛ መኝታ ቤቱ፣ እናንተም ፓውዝ አድርጋችሁ "ቆይ በር ዘግቼ..." ስትሉ በሩ ጋ ሚሄደው ሰውዬ መንገድ ላይ ሰምጧል። በስርአቱ ለመስራት የፈለገ መጀመሪያ የውሃ መዝጊያውን ሰርቶ ከሌቨር (ሲሳብ ሚከፍትና ሚዘጋ እጀታ) ጋር አገናኝቶ ሌቨሩ መስራቱን ሞክሮ ከዛ ነው የመጨረሻዋን ድንጋይ ሚያስቆፍረው፣ ቦዩን አንድ ቦታ ላይ በሰያፍ ማሳለፍም ግፊቱን ይሰብረዋል። ሌቨሮቹን ደሞ የትኛው የምን እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወይ አትጻፉ፣ እንደ ፍላጎታችሁ፤ ጎብሊን በር ላይ ቆሞ ድልድይ ለማንሳት ብላችሁ ጎርፍ መልቀቅም የራሱ ጣእም አለው።

ማግማ፣ ማለትም ከመሬት ስር ያለው የቀለጠ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ይመጣል። ከውሃ ሚለየው በራሱ ግፊት የለውም፣ ቀስ ብሎ ነው ሚፈሰው፣ ግን መዝጊያችሁና የሌቨሩ ማያያዣ ሙቀቱን ሚችል መሆን አለበት፣ ብረት ይችላል፣ እንጨት በጭራሽ። በ2006 እና 2007 ተጫዋቾች አንድ ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) እየተቀባበሉ፣ አንዱ አንድ የጌም አመት እየገዛ ለቀጣዩ እያስረከበ የተጫወቱት ቦትመርደርድ ሚባል ምሽግ ነበር፣ ውጪ ያሉት ዝሆኖች ሰዉን ፈጁት፣ እነሱም ሌቨር ሲሳብ ማግማ ውጪው ላይ ሚለቅ ነገር ሰሩ። ጌሙን ብዙ ሰው ያወቀው በዛ ታሪክ ነው። በደንብ የተዳደረ ሰላማዊ ምሽግ ቢሆን ማን ያነበው ነበር?

ከጎርፍና ከእሳት ይልቅ የኔ ምርጫ ግን ከሰዉ ሚመጣው ውድቀት ነው። አንዱ ድዋርፍ ድንገት ስራውን ጥሎ አንድ ዎርክሾፕ ይይዝና እቃ መጠየቅ ይጀምራል፣ አጥንት፣ ሀር፣ የሆነ ድንጋይ። ካገኘ ስም ያለው ድንቅ እቃ ይሰራል፣ ካላገኘ ያብዳል። አንዳንዱ ዝም ብሎ በሀዘን ይሞታል፣ አንዳንዱ ግን ያገኘውን ሰው ሁሉ ማጥቃት ይጀምራል፣ የሞቱት ሰዎች ደሞ ሚስት አላቸው ጓደኛ አላቸው፣ እነሱ ሀዘኑን ሲያዩ ይናደዳሉ፣ አንዱ ወንበር ይሰብራል፣ ሌላው ጎረቤቱን ይመታል፣ ሬሳ ሚቀብር ሰው ጠፍቶ ምሽጉ ውስጥ ይሸታል፣ ያልተቀበረው ሰውዬ ደሞ መንፈስ ሆኖ ይመለሳል። አስቡት፣ ሁሉም ነገር የተጀመረው ሀር ስላልነበራችሁ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ካላችሁ መጋዘናችሁ ውስጥ ከሁሉም አይነት እቃ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ፣ የሬሳ ሳጥንም ከሞት በፊት ስሩ።

ዌርቢስትም እዚሁ ጋ ይገባል። ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ አውሬ ሚሆን ሰው ነው፣ መጥቶ ሁለት ሶስት ሰው ነክሶ ይገደላል፣ እናንተም "ተረፍን" ብላችሁ ቁስለኞቹን ሆስፒታል ታስተኛላችሁ። በቀጣዩ ጨረቃ እነሱ ራሳቸው አውሬ ሆነው ሀኪሙንና አጠገባቸው የተኛውን ይነክሳሉ፣ በሚቀጥለው ደሞ እነዛ ይቀጥላሉ። የተነከሰን ሰው ለብቻ ክፍል ማስገባት ነው መፍትሄው፣ ጭካኔ ነው ግን ይሰራል። ቫምፓየር ደሞ ከስደተኞች ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ አይበላም አይጠጣም፣ ደሙ የተመጠጠ ሬሳ አልጋ ላይ ስታገኙ ነው ምታውቁት። አንዳንድ ተጫዋች ቫምፓየሩን ሲይዝ አይገድለውም፣ ግድግዳ አጥሮበት የሂሳብ ሰራተኛ ያደርገዋል፣ ምሳ አይጠይቅ እረፍት አይጠይቅ።

ወደ ታች መቆፈር ሚወድ ሰው ሶስት ተደራራቢ ዋሻ ያገኛል፣ ውስጣቸው ደሞ ጌሙ በዘፈቀደ ሚፈጥራቸው ጭራቆች አሉ፣ አንዱ ከእንፋሎት የተሰራ ነው፣ ሌላው መርዝ ይተፋል። ከነሱም በታች አዳማንቲን ሚባል ቀላልና ስለታም ሰማያዊ ብረት አለ። እሱን ምን ያህል መቆፈር እንዳለባችሁ አልነግራችሁም፣ ከስሩ ያለውንም አልነግራችሁም፣ ይሄን ያበላሸብኝን ሰው እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ሲፈርስ ደግሞ አትውጡ! ይሄን በጣም ነው ማሰምርበት። ብዙ ሰው ነገሩ ሲበላሽ ወይ ጌሙን ይዘጋል ወይ የድሮ ሴቭ ይከፍታል፣ እና ምርጡን ክፍል ዘለለው ማለት ነው። ሴቭ መመለስ ጌሙ ራሱ ሲበላሽ ካልሆነ አይመከርም። ይልቅ ፓውዝ አድርጉና ሪፖርቶቹን አንብቡ፣ ማን ማንን መታ፣ መጀመሪያ የሞተው ማነው፣ ለምን እዛ ጋ ሄደ። የሰዎቹን ሀሳብ ክፈቱና ምን እንዳስከፋቸው እዩ። ከጌሙ ታሪክ ሚጥመኝ የድመቶቹ ነው፦ በ2015 መጠጥ ቤት ተጨመረና ድመቶች በብዛት መሞት ጀመሩ፣ ሲጣራ ወለል ላይ የፈሰሰ መጠጥ ላይ ይራመዳሉ፣ ከዛ መዳፋቸውን ሲልሱ ጌሙ የላሱትን እንደ ሙሉ መጠጥ ይቆጥረዋል፣ ድመት ደሞ ትንሽ ስለሆነች በስካር ትሞታለች። ስህተት ነበር፣ ተስተካከለ፣ ግን ምሽጋችሁ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንዲ ተያይዞ ነው ሚሰራው፣ የሞት ምክንያት ፍለጋው ራሱ ግማሹ ጌም ነው።

ሁለት ሶስት ሰው ከተረፈ ደሞ ተስፋ አትቁረጡ፣ የተረፉትን መጠጥና እርሻ ካለበት ክፍል ጋር አጥሩባቸው። ስደተኞች መጥተው ምሽጉ እንደገና ሊያንሰራራ ይችላል፣ እነሱም የገቡት የት እንደሆነ ሳያውቁ ሬሳ መቅበር ይጀምራሉ።

ሁሉም ካለቀ አለሙ አይጠፋም፣ ፍርስራሻችሁ ካርታው ላይ ይቀመጣል። ሌጀንድስ ሞድ ገብታችሁ የሆነውን ሁሉ እንደ ታሪክ ማንበብ ትችላላችሁ፣ በአድቬንቸር ሞድ አንድ ሰው ሆናችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ወይም አዲስ ሰባት ሰው ልካችሁ ቦታውን መልሳችሁ መያዝ ትችላላችሁ። መልሶ መያዙን ምትመርጡ ከሆነ እቃው ሁሉ በየቦታው ተበታትኖ ነው ሚጠብቃችሁ፣ እና የገደላችሁ ነገር እዛው ሊሆን ስለሚችል ከሰባቱ ቢያንስ ሁለቱን መጥረቢያ አስይዛችሁ ተዋጊ አድርጓቸው፣ ጋሪውንም በሩ አፍ ላይ አታራግፉ።