«በግ መመዝገብ» ሲነካ «በግ መሰረዝ» የሚከፍት መመሪያ

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ጣቴ በብርድ ደርቆ ኪቦርዱን እየሳተ። የመንዝ በግ አርቢዎች መዝገብ የሚይዙበት ትንሽ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ለሦስት እየሠራን ነው። አንዱ ሸዋ ሮቢት፣ አንዷ መሐል ሜዳ፣ እኔ እዚህ። መመሪያውን ተራ ጽሑፍን ወደ ድረ ገጽ በሚቀይረው በኤምኬዶክስ አዘጋጅተን፣ ድረ ገጽ በሚያስተናግደው ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ጫንነው። ያለፋን ነገር ይኸው።

ሊንኩ ሌላ ክፍል ይከፍታል

መግቢያው ገጽ ላይ በእጃችን የጻፍነው «በግ መመዝገብ» የሚለው ሊንክ አንድ ጠዋት «በግ መሰረዝ»ን ከፈተ። ሊንኩን የነካው የለም። ማታ ግን አንዳችን ከላይ አንድ ርዕስ አጥፍተን ነበር።

ምክንያቱ፦ ኤምኬዶክስ ከየርዕሱ የሊንክ መለያ ያወጣል። ሲወጣ ግን፣ ካልነገራችሁት በቀር፣ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ይጥላል። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ 1፣ 2፣ 3 እያለ በቁጥር ይጠራቸዋል። አንድ ርዕስ ሲጠፋ የታችኞቹ ሁሉ ይሸጋሸጋሉ። የተሰበረ ሊንክ መፈተሻውም አይዘውም፤ ቁጥሩ አለ፣ ባለቤቱ ነው የተቀየረው።

መፍትሄው፦ አማርኛውን እንዳለ የሚይዝ የዩኒኮድ ምርጫ አለ። እኔ አልወደድኩትም። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት በፐርሰንት ምልክት የታጨቀ አንድ ክንድ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። የመረጥነው አትር ሊስት (attr_list) የሚባለውን የኤምኬዶክስ ማስፋፊያ ማብራት ነው። ከዚያ ከየርዕሱ ኋላ፣ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ፣ የሃሽ ምልክት (#) እና በላቲን ፊደል አጭር መለያ መጻፍ። አሰልቺ ነው፤ ግን ርዕሱን ብትቀይሩትም ሊንኩ ከቦታው አይነቃነቅም።

አንድ ቃል ቀይረን ሙሉ አንቀጽ ይጋጫል

እኔ «2 ወር»ን «3 ወር» አልኩ። የመሐል ሜዳዋ እዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ግልገል»ን «ጠቦት» አለች። የሁላችንን ለውጥ የሚያዋህደው ጊት አንቀጹን በሙሉ ሁለት ጊዜ ደርድሮ «ምረጡ» አለን።

ጊት የሚያነጻጽረው በመስመር ነው። እኛ ደግሞ ኢንተር ሳንነካ አንቀጹን እስከ ጫፍ እንጽፋለን፤ ለእሱ ያ ሁሉ አንድ መስመር ነው። አሁን ከየአራት ነጥቡ በኋላ ኢንተር እንነካለን። መመሪያውን የምንጽፍበት ማርክዳውን የሚባለው የአጻጻፍ ስልት መስመሮቹን መልሶ ስለሚያገጣጥም ገጹ ላይ ለውጥ የለም። አዲስ አንቀጽ ከፈለጋችሁ ባዶ መስመር ተዉ። ጎን ለጎን ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ከተነኩ አሁንም ይጋጫሉ፤ ግን ሁለት መስመር አይቶ መፍረድ ቀላል ነው።

ፎቶው ላፕቶፕ ላይ ይታያል፣ ድረ ገጹ ላይ የለም

የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ጄፒጂ በትልቅ ፊደል ነው፣ ጽሑፉ ውስጥ በትንሽ። ዊንዶውስ ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ ሰርቨሩ አያሳልፍም። ሁሉንም በትንሽ ፊደል አድርጉት።

ኤምኬዶክስ ድንገት ድረ ገጹን አልገነባም ካለ

የኤምኬዶክስ ቅንብር በሚጻፍበት ዋይኤምኤል ፋይል ውስጥ በታብ ቁልፍ የገባ ክፍተት ፈልጉ። በስፔስ ተኩት። የሸዋ ሮቢቱ ጓዳችን በስልክ እያረመ ሁለቴ አስገብቶብናል፤ እሱ ግን እስካሁን ኔትወርኩ ነው ይላል።