የኩሊንግ ታወር ፋን ፍጥነት በኢንቨርተር ሲስተካከል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ስሠራ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የኢንጀክሽን ማሽኖቹ ተራ በተራ በሙቀት አላርም መቆም ጀመሩ። ጣሪያ ላይ ወጥተን ስናይ ከማሽኖቹ የሚመጣውን ትኩስ ውሃ በአየር የሚያቀዘቅዘው የኩሊንግ ታወሩ ፋን ቀጥ ብሏል። የፋኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ግን አንዳች ብልሽት አላሳየም፤ ስክሪኑ ላይ የውሃው ሙቀት 0 ዲግሪ ይላል። እጄን ገንዳው ውስጥ ብነክረው ውሃው ትኩስ ነው። ለካ የሴንሰሩን ገመድ አይጥ በልቶታል። ኢንቨርተሩም ውሃው የቀዘቀዘ መስሎት ፋኑን በታዘዘው መሠረት አቁሞታል።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ስረከብ መጀመሪያ የማየው የፒአይዲ ቁጥሮችን (ኢንቨርተሩ በሙቀቱ ልክ ፍጥነቱን የሚለውጥበትን ስሌት ቁጥሮች) አይደለም። ሙቀቱ ከየት እንደሚነበብና ንባቡ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ነው የማየው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ገመዱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን አለማሰብ

ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚሠራ ሲግናል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ትንሹ ሙቀት የሚገለጸው በ4 ሚሊ አምፔር ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ከወረደ መስመሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ከ0 እስከ 10 ቮልት በሚሠራው ግን የተበጠሰ ገመድና ቀዝቃዛ ውሃ አንድ ይመስላሉ። ኢንቨርተሩ ላይ ሲግናል ሲጠፋ የሚወሰደውን እርምጃ የሚወስን ፓራሜትር ይፈልጉና ፋኑ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነቱ እንዲዞር፣ አላርምም እንዲጮህ ያድርጉ። ከዚያ በወረቀት ላይ አምነው አይሂዱ። ፋኑ እየሠራ ሳለ የሲግናሉን ሽቦ ራስዎ ነቅለው ይፈትሹት።

ሴንሰሩን የተመቸ ቦታ ላይ ማሰር

ቧንቧው ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ ሴንሰር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ከውሃው ይልቅ የፀሐዩን ሙቀት ያነባል፤ ፋኑም እኩለ ቀን ላይ ያለ ምክንያት ይሮጣል። ትክክለኛው ቦታ ወደ ማሽኖቹ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ፣ ውሃው በሚፈስበት ላይ የገባ የብረት ኪስ ነው። ኪሱ ውስጥ አየር ብቻ ካለ ንባቡ ይዘገያል፤ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ይሙሉበት።

ሙቀትን በኤሌክትሪክ መቋቋም ለውጥ የሚለካውን ፒቲ 100 ሴንሰር በሁለት ሽቦ ማገናኘትም ከዚሁ ይቆጠራል። በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ብቻ ነው። ሴንሰሩ 30 ሜትር ርቆ በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ቢገናኝ፣ ደርሶ መልሱ 60 ሜትር፣ ማለትም 1 ኦም ገደማ ይሆናል። ሙቀቱ ከ2 ዲግሪ ተኩል በላይ ከፍ ብሎ ይነበባል። በሦስት ሽቦ ያገናኙት።

የፒአይዲውን አቅጣጫ መርሳት

ብዙ ኢንቨርተሮች የሚመጡት ለፓምፕ ግፊት ተስተካክለው ነው፤ ንባቡ ሲወርድ ፍጥነት ይጨምራሉ። ማቀዝቀዣ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ውሃው ሲሞቅ ፋኑ ከቀነሰ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ፤ አቅጣጫውን ይገልብጡ።

በችኮላ ማስተካከል

ገንዳው ውስጥ ብዙ ውሃ ስላለ የፋኑ ለውጥ ሙቀቱ ላይ የሚታየው ከደቂቃዎች በኋላ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው የፒአይዲውን ምላሽ ሲያጠነክረው ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ከ20 ወደ 50 ኸርዝ ሲወጣ ሲወርድ ያድራል፤ ቀበቶና ቤሪንግ ያልቃል። ፋኑን በማንዋል 30 ኸርዝ ላይ ያቆዩትና ሙቀቱ ሲረጋ ወደ 40 ያሳድጉት። በየ30 ሰከንዱ ንባቡን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሙቀቱ መንቀሳቀስ እስኪጀምር የፈጀውን ጊዜ ካወቁ፣ የኢንተግራል ጊዜውን (ፒአይዲው የቀረውን ልዩነት ቀስ በቀስ የሚያርምበትን ጊዜ) የዚያን በርካታ እጥፍ ያድርጉት። ዲሪቬቲቩን (ለለውጡ ፍጥነት የሚመልሰውን ክፍል) 0 ላይ ይተዉት።

የማይደረስበት ሙቀት ማዘዝ

ኩሊንግ ታወር ውሃውን እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበት ቴርሞሜትር ጥላ ውስጥ ሲራገብ ከሚያሳየው በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። በተግባር ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በታች ካዘዙት ፋኑ ቀኑን ሙሉ በ50 ኸርዝ ይዞራል። ፋን የሚወስደው ኃይል የሚለወጠው በፍጥነቱ ኩብ ስለሆነ፣ በ40 ኸርዝ የሚፈልገው የ50ውን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ማሽኑ ከፈቀደ የታለመውን ሙቀት 2 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ሌሎች ሦስት ነገሮችን ባጭሩ ልበል። ትልቅ ፋን በ5 ሰከንድ ይቁም ካሉት ኢንቨርተሩ በኦቨርቮልቴጅ (ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ) ትሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ራሱን ያቆማል፤ 60 ሰከንድ ይስጡት። ጊርቦክስ ያለው ፋን ዘይቱ እንዲረጭ አምራቹ ከወሰነው ፍጥነት በታች አይውረድ። ታወሩ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ካለ ደግሞ ያንን ኸርዝ እንዲዘለው ያድርጉ።

ሙቀቱን ብቻ መመዝገብ

ይህ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። አውቶማቲክ ቁጥጥር ቆሻሻን ይደብቃል። ውሃ የሚረጨው ኖዝል ሲደፈን፣ የታወሩ ሙሊት (ውሃው እየተሰራጨ የሚወርድበት የውስጥ ክፍል) በኖራ ሲሞላ ውሃው 28 ዲግሪ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ፋኑ ግን ከ35 ወደ 45 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይወጣል። 50 ሲደርስ መሸሻ የለውም፤ ሙቀቱ የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የተረኛ መዝገብ ላይ ሙቀት ብቻ ተጽፎ ሳገኝ፣ ማስመሪያ አንስቼ አጠገቡ የኸርዝ ዓምድ አሰምራለሁ።