ስለ አየር ኃይልና ስለ አየር መከላከያ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቡና እየተጠጣ የአየር ኃይል ወሬ ከተነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ጄት አለው?» የሚለው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስህተትም ከዚሁ ይጀምራል። አንድ ተዋጊ ጄት ለአንድ ሰዓት እንዲበር መካኒኩ፣ ጥይት ጫኙ፣ የነዳጅ ቦቴ ሹፌሩና የራዳር ተቆጣጣሪው መሬት ላይ ብዙ ሰዓት ይደክማሉ። መቆጠር ያለበት በመዝገብ የሰፈረው ሳይሆን ጠዋት ለመነሣት ዝግጁ የሆነው አውሮፕላን ነው።

አየር ኃይልንና አየር መከላከያን እንደ አንድ ነገር መቁጠርም የተለመደ ነው። ግብፅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 አየር መከላከያዋን ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አድርጋዋለች፤ ሌሎች አገሮች ግን በአየር ኃይሉ ሥር ያቆዩታል። የትም ይመደብ፣ ሥራው ማየት፣ መለየት፣ መወሰንና መምታት ነው። ከሁሉም የሚዘነጋው መለየቱ ነው፤ ራዳሩ ላይ አንዲት ነጥብ ስትታይ ተቆጣጣሪው በመለያ ምልክት መልስ ካላገኘባት በቀር የወገን ትሁን የጠላት አያውቅም፣ በዚህ የተሳሳተም የራሱን አብራሪ ይጥላል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ንጉሠ ነገሥቱ ከጸረ አውሮፕላን መሣሪያ ጀርባ ቆመው የሚታዩበትን ፎቶግራፍ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ያን ቀን በጀግንነት ብቻ መተረክ ግን፣ ወሎዬዎችን ቅር ቢያሰኝም፣ ስህተት ይመስለኛል። የአገር መሪ ራሱ ተኳሽ የሚሆነው ከእሱ በፊት መቆም የነበረበት ሰንሰለት ሲጎድል ነው፦ ራዳር ገና በእንግሊዝ አገር በሙከራ ላይ ነበር፣ ጠላትን ሰማይ ላይ የሚገጥም ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረንም፣ ተኳሹም የጠላትን መምጣት የሚያውቀው በጆሮውና በዓይኑ ነበር።

ራዳር ካለ ሁሉም ይታያል ማለትም አያስኬድም። ምድር ክብ በመሆኗ፣ ሜዳ ላይ 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተተከለ አንቴና በ100 ሜትር ከፍታ የሚበርን አውሮፕላን የሚያየው ወደ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀርበው ነው። ወሎ ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ ኮምቦልቻ ላይ የተተከለ ራዳር ከቶሳ ተራራ ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚበረውን አያይም፣ ቶሳ አናት ላይ ቢወጣ ደግሞ ከየሸንተረሩ ጀርባ ያሉ ሸለቆዎች ይሸፈኑበታል። ስለዚህም ራዳሮች ክፍተት በመሙላት፣ መሣሪያዎችም በደረጃ ይደራጃሉ፤ ከሩሲያ ሠራሾቹ ኤስ-75 ሚሳይል ለከፍታ፣ ኤስ-125 ዝቅ ብሎ ለሚበር፣ ዙ-23 መድፍ ደግሞ 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ለገባ።

የክፍል ስሞችን ከአንድ አገር ወስዶ ለሌላው ማልበስም ያሳስታል፤ በአሜሪካ ግሩፕ የሚባለው የአየር ኃይል ክፍል ዊንግ ከሚባለው በታች ሲሆን በእንግሊዝ ግን በላዩ ነው።

ኮምቦልቻን መንደርደሪያ ስላለው ብቻ «የአየር ምድብ» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። አውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኞች ነው፤ ምድብ ለመባል ከመንደርደሪያው ሌላ የጥይት ግምጃ ቤት፣ የጥገና ሃንጋር፣ የነዳጅ ማከማቻና ሌሊትም ቢሆን ሰው የማይለየው የዕዝ ክፍል ያስፈልገዋል።