ሐረጎ ላይ የተገጨች በግ ሁሌ እርጉዝ ናት፦ ስለተገጩ እንስሳት ስንጽፍ የምናበላሻቸው ነገሮች

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ይነሳና ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት ላይ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። በዚህች አጭር መንገድ ውሻ፣ ጃርት፣ አህያ፣ እስስት፣ ጅብ፣ ብቻ የማይገጭ ነገር የለም። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚጽፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ የተገጨ እንስሳ ጽሑፉ ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም። አንዱ ለማሳቅ ይጽፋል፣ ሌላው ስለ ተፈጥሮ። የሚሳሳቱት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱም በድኑን ያዩና እንስሳውን ይረሱታል፣ ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች ደግሞ ጭራሽ አያዩዋቸውም።

የሰው አገር ቀልድ መገልበጥ

አሜሪካ ውስጥ የዚህ ቀልድ መነሻ ሁሌ ሆድ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርሊንተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ መኪና በሚገጫቸው የእንስሳት ዓይነቶች ሥጋ የምግብ ውድድር ይካሄድባታል። ሥጋው የግድ ከአስፋልት የተነሳ መሆን የለበትም፣ አስፋልት ላይ ተገጭቶ የሚገኝ ዓይነት እንስሳ ከሆነ ይበቃል። እዚያ ያስቃል። አዳኝ አገር ነው፣ የአጋዘን ሥጋ ለቤቱ እንግዳ አይደለም። ያንኑ ቀልድ ደሴ ፒያሳ አምጥታችሁ "የዛሬ ምሳ የሐረጎ ጃርት ጥብስ" ብትሉ ግን ማን ይስቅላችኋል? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በክት አይበላም። አንባቢው ፊቱን ያጨማድዳል፣ በቃ።

የኛ ሳቅ ያለው አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። በጓ ተገጭታለች፣ ነፍሷ ግን ገና አልወጣችም። ረዳቱ ዘሎ ይወርዳል። ቢላ! ቢላ ያለው! ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከዘንቢላቸው የሽንኩርት መክተፊያቸውን ያወጣሉ። ቢላው ተገኘ፣ አሁን ደግሞ አራጁ ማን ይሁን? ወሎ ነው እንግዲህ። ሹፌሩ ክርስቲያን፣ ባለበጉ ሙስሊም፣ ረዳቱ በእናቱ አንዱን በአባቱ ሌላውን። ሁሉንም ይሉኝታ ይዞታል። "ኧረ እርስዎ ይረዱ አባ፣ በጓም የእርስዎ ናት።" "የለም የለም ልጄ፣ አንተ እንግዳ ነህ።" እንዲህ ሲገባበዙ በጓ ወይ ትሞታለች፣ ወይ ተነስታ አቧራዋን አራግፋ ወደ መንጋዋ ትሄዳለች። የትኛው እንደሚሻል እናንተ ምረጡ፣ እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። የማንም ሃይማኖት አልተነካም፣ የሚሳቀውም ዙሪያዋን በቆምነው ላይ ነው።

ካሳው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። የተገጨች በግ ሁሌ እርጉዝ ናት፣ ያውም መንታ። የተገጨች ዶሮ ዕንቁላል አቋርጣ አታውቅም። የተገጨ አህያ ትናንት ከባቲ ገበያ በውድ የተገዛ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን ወሎ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ገጸ ባሕርያችሁን ሐሙስ ዕለት "ትናንት ባቲ ገዛሁት" አስብላችሁ ዝም በሉ። ውሸቱን አንባቢ ራሱ ይያዘው። ቀልድን የሚገድለው ማብራሪያ ነው፣ ጎበዝ።

አንጀት መዘርዘር

ይቅርባችሁ። ደምና አንጀት ለመጻፍ የማይችል የለም፣ አንብቦ የሚያስታውሰውም የለም።

"አንድ እንስሳ ተገጭቶ አየሁ"

ምን እንስሳ? እንደ ፈረንጆች በ1924 ዳይተን ስቶነር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አይዋ ግዛት ውስጥ መኪና እየነዳ ነበር። 632 ማይል ሄደ፣ በኛ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ ላይ ሞተው ያገኛቸውን ቆጠረ፣ 29 ዓይነት፣ በድምሩ 225 እንስሳት። በ1925 ሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣው። በዚህ ጉዳይ ላይ ዛሬም ድረስ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀስ ጽሑፍ ነው። ኃይሉ ያለው ለቅሶ ውስጥ አይደለም። ሁሉንም በየስሙ ለይቶ መዘገባቸው፣ ይኸው ነው።

የኛ ልጆች ግን ጅራቱ ጎፈር ያለውን ሁሉ "ቀበሮ" ይሉታል፣ ትንሽ ሞቅ ሲላቸው ደግሞ "ቀይ ቀበሮ"። ቀይ ቀበሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ የውርጭ አገር ነዋሪ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ አለ፣ ግን ቦረና ሳይንትና ደላንታ ከፍታ ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ከገደላችሁት የተፈጥሮ ጽሑፋችሁ እዚያው አበቃ። ያያችሁት ተራው ቀበሮ ነው፣ ወይ ጥርኝ፣ ወይ ሸለምጥማጥ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ "ድመት የሚያክል፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለው" በሉ። ያያችሁትን መጻፍ በቂ ነው።

እንስሳውን ጅል ማድረግ

ይሄ ከሁሉም ያናድደኛል። "ጃርቷ ጅል ነበረች፣ መኪና እያየች ቆመች።" ጅል አይደለችም። መጀመሪያ ነገር ጃርት እሾኳን እንደ ጦር አትወረውርም፣ እሱን ሰርዙት። ጠላት ሲመጣ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ እሾኳን ታቆማለች፣ ጅራቷን ታንኳኳለች። ካልሸሸላት ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ትወጋለች። ነብር እንኳ ሁለቴ ያስብበታል። ሲኖትራክ ግን አያስብም።

ጥንቸልም እንዲሁ ናት። በቀጥታ አትሮጥም፣ ግራ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ምክንያቱም የወለዷት እየታጠፉ ከቀበሮና ከንስር ሲያመልጡ የኖሩ ዘመዶቿ ናቸው። እስስት አስፋልት ሲሻገር ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅጠል ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ እንዳይታይ ነው። ኤሊ ድንጋይ ትሆናለች። እያንዳንዳቸው ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን ሙያ አንድም ሳያጓድሉ ሠርተው ነው የሚሞቱት፣ የጫት መኪና እንደዚያ እየበረረ ይመጣል ብሎ የነገራቸው ስለሌለ ብቻ። ቀልድም ሐዘንም ከፈለጋችሁ እዚህ ጋ ቆፍሩ። ጃርቷ መኪናውን እንዳስፈራራች እርግጠኛ ሆና ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም በእሷ ዓይን ጻፉልኝ እስቲ።

"ዓይኑ እሳት ተፋ" የምትለዋንም ተዋት። የሌሊት እንስሳት ብዙዎቹ ከዓይናቸው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ስስ ሽፋን አላቸው፣ በጨለማ ጥቂቷን ብርሃን ሁለቴ እንዲጠቀሙባት። የምታዩት የራሳችሁ መኪና መብራት ተመልሶ ነው። ለጨለማ የተሠራ ዓይን ላይ ረጅም መብራት ስትለቁበት ደግሞ ይታወራል። ደርቆ የሚቆመው ለዚህ ነው።

መንገዱ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? ይሄንንም ጠይቁ። ከጭነት መኪና እህል ይረግፋል፣ እርግብና ዝንጀሮ ይለቅሙታል። ወደ ባቲ ቆላው ስትወርዱ ደግሞ አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይዞት ስለሚቆይ እባብ ሊሞቅ ይወጣል። አንድም ያለ ጉዳይ የወጣ የለም።

አያ ጅቦ

ተረታችን ላይ ጅብ ሆዳምና ቂል ነው፣ "አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ" እየተባለ አደግን። ተረት ስትጽፉ ይሁን። ስለ እውነተኛ ጅብ ስትጽፉ ግን ቀለል አድርጉት። ጅብ አደንም ያድናል፣ አጥንት ሰባብሮ ይፈጫል፣ ኩሱ ነጭ የሚሆነውም በአጥንቱ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። "እየሳቀ በላ" የምትሉት ድምፅ ሳቅ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ጅብ ሲያዋክበው ወይ ምግብ ላይ ሲጨናነቁ የሚያወጣው ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል ማታ የሚሰማው ረጅሙ ጥሪ ደግሞ መጠራሪያቸው ነው፣ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል።

አስፋልት ላይ የተገጨ ጅብ ስታገኙ ዙሪያውን ቃኙ። ብዙ ጊዜ ከፊቱ የተገጨ ውሻ ወይ አህያ አለ። እሱን ሊያነሳ መጥቶ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለው እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

አንድ ነገር ግን እንዳትነኩ። የተገጨውን ጅብ "ጠዋት ሲያዩት የሰፈሩ አንጥረኛ ሆኖ ተገኘ" የሚል የቡዳ ቀልድ አለ። በዚህ ወሬ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ስንት ዘመን ሲገለል ኖሯል። ለአንድ ሳቅ ብላችሁ አትቀጥሉበት።

ሰዓት መሳት

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጥንብ አንሳ ያወረደ ደራሲ አንብቤያለሁ። ጥንብ አንሳ የሚፈልገው በዓይኑ ነው፣ ለመንሳፈፍም ሞቃት አየር ከመሬት እስኪነሳ ይጠብቃል። ሌሊቱ የጅብ ነው። ሲነጋጋ ውሻና ቁራ ይቀድማሉ፣ ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ደልዳላ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ አካባቢ ብቻ የሚገኘው የኛ ቁራ። ረፋዱ ላይ ነው ጥንብ አንሳ የሚመጣው። አንድ የሞተ ውሻ ዙሪያ ያለውን ፈረቃ በትክክል የጻፈ ሰው ታሪኩ ግማሽ ተሠርቶለታል።

"ስለዚህ ሹፌሮች ሆይ"

እንዲህ ብሎ የሚያልቅ ታሪክ አይታተም። ለትራፊክ ፖሊስ ተዉለት።

ለማየት ብሎ መሞት

ማስታወሻ ለመያዝ ብላችሁ ኩርባ ላይ አትቁሙ። ሐረጎ በክረምት ጉም ሲለብስ አሥር ሜትር አይታይም፣ ከላይ ደግሞ ፍሬኑ የሸተተ ጭነት መኪና ሊወርድ ይችላል። አይታችሁ እለፉ፣ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ጻፉ። የሞተ ውሻ ወይ ቀበሮ በባዶ እጅ አትንኩ። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋልና ምራቁ ቁስል ከነካችሁ 15 ደቂቃ በውሃና ሳሙና አጥባችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። ከአፍንጫው ደም የሚወርድ የሞተ ከብት ካያችሁ ደግሞ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ቆዳውን ለመክፈት አትሞክሩ፣ ለእንስሳት ጤና ሰዎች ንገሩ።

ሚኒባስ ውስጥ ከሆናችሁ "እስቲ አንዴ አቁምልኝ፣ የተገጨችዋን ጥንቸል ልያት" እንዳትሉ። አይቆምላችሁም። ተሳፋሪው ግን ኮምቦልቻ መናኸሪያ እስኪገባ ድረስ በእናንተ ላይ ይጫወታል፣ እሱን ጻፉት።