ኮርቻው ሲያሳምማችሁ መጀመሪያ ከስሩ እዩ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይክል ይዞ የሚመጣልኝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ለስላሳ ኮርቻ ፈልግልኝ።» እኔ ግን መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ከስር ያለውን ማሰሪያ ነው የማየው። ኮርቻ መቀየር ያለበት ሰው ጥቂት ነው። የብዙዎቹ ሕመም የሚመጣው ከማሰሪያው ነው።

ፊት ለፊት ይደነዝዛል፣ የኮርቻው ጫፍም ቀና ይላል

ትንሽ እንደነዳችሁ ብልት አካባቢ ይደነዝዛል። ሳታስቡት ወደ ኋላ ትንሸራተታላችሁ። ጠዋት አስተካክላችሁት የወጣችሁ ኮርቻ ማታ የፊት ጫፉ ወደ ላይ ተነስቶ ታገኙታላችሁ። በእጃችሁ ተጭናችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ነገም ያው ነው።

ኮርቻውን ከቆመበት ዘንግ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ፣ እርስ በርስ የሚናከሱ ጥርሶች አሉ። ጥርሱ ከተበላ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት ይዞራል። ክብደታችን የሚያርፈው በኮርቻው ኋላ ላይ ስለሆነ ኋላው ይወርዳል፣ ፊቱ ይነሳል፣ የተነሳው ጫፍ ደግሞ ነርቭና ደም ስር ላይ ይጫናል። ከደሴ ቁልቁል ስትወርዱ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ትገፋላችሁ፣ ከዚያ ኮብልስቶኑ ይቀበላችኋል፤ ዳዶው ትንሽ ላልቶ በዚህ መንገድ ከተነዳ ጥርሱ እየተፋጨ ያልቃል። በርካሽ ሳይክል ላይ የሚገጠመው ማሰሪያ ስስ ብረት ነው፤ ጥርሱም ለስም ያህል ነው። ሰው ለፍቶ ባጠራቀመው ብር በሚገዛው ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መግጠም ነውር ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ኮርቻ ሲቀያይር ከረመ። ጄል አለው የተባለውን ገዛ፣ ሰፊውን ገዛ፣ በላዩም ስፖንጅ አሰረበት። ማሰሪያው ግን ያው የድሮው ነበር። እሱን ስንቀይርለት የመጀመሪያው ኮርቻ ራሱ ተስማማው። ከሐርቡ የመጡ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ እኔስ አስበይጄዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም» አሉኝ። ጋሼ፣ የተበየደው እኮ ጫፉ ቀና እንዳለ ነው አልኳቸው። ብየዳውን በመጋዝ ቆርጠን ዘንጉንም ማሰሪያውንም ቀየርን። እባካችሁ አታስበይዱ። በድንጋይም አትምቱት። የቆርቆሮ ቁራጭ መሃል መሸጎጥም ለጥቂት ቀን ብቻ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሁለቱን ዳዶ ፍቱ (ብዙ ጊዜ 13 ወይም 14 ቁጥር መፍቻ ነው)፣ ማሰሪያውን በትኑ፣ ጥርሱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ጥርሱ ስል ከሆነ ችግሩ ቆሻሻና መላላት ነበር። የጥርሱ ጫፍ ከደነበዘ ማሰሪያውን ብቻ ቀይሩ፤ ከኮርቻ በብዙ ይረክሳል። የማሰሪያው ጥርስ ላይ ግሪስ እንዳታደርጉ፣ የብሎኑ ጥርስ ላይ ትንሽ ይበቃል። ስትገጥሙ ጥርሶቹ በደንብ መናከሳቸውን ሳታዩ አታጥብቁ። ከዚያ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው ብዙ አዲስ ማሰሪያ የሚያበላሸው። ኮርቻው አግድም ይሁን፤ ቢበዛ ጫፉ በጣም በትንሹ ወደ ታች። ከሳምንት በኋላ ድጋሚ አጥብቁ፣ ይሄን የሚያደርግ ሰው አላየሁም! ሳይክሉንም የኮርቻውን ጫፍ ይዛችሁ አታንሱት፣ ልጆችንም ከልክሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መደንዘዙ ካልተወ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እጅ ይደነዝዛል፣ ወደ መሪው ትንሸራተታላችሁ

የኮርቻው ጫፍ ከልክ በላይ ወርዷል። አግድም እስኪሆን ቀና አድርጉት።

ጉልበት ያማል

ከፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል። ከኋላ ከሆነ፣ ወይም ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ከፍ ብሏል። ተረከዛችሁን ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ስትነዱ በእግር ጣታችሁ ስር ስትረግጡ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል፣ ልኩ እሱ ነው። ዘንጉ ላይ ከተቀረጸው መስመር በላይ ግን ፈጽሞ አታውጡ። ፍሬሙ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ፍሬም ደግሞ ከደሴ ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል።

የመቀመጫ አጥንት ያማል

ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ያልፋል። ካላለፈ ኮርቻው ጠባብ ነው። አሁን ነው መግዛት ያለባችሁ፣ ግን ለክታችሁ። ጠንካራ በርጩማ ላይ ካርቶን አድርጉ፣ ተቀመጡበት፣ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። ስትነሱ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ይቀራል። ከመሃል እስከ መሃል ለኩና 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ጨምሩ፤ የኮርቻችሁ ስፋት በግምት ይሄ ነው። ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ትንሽ ይስፋ። የሴቶች ዳሌ አጥንት በአብዛኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ በባል ወይም በወንድም ልክ የተገዛ ኮርቻ እንዳትቀበሉ።

ለስላሳው ላይ ደግሞ አትታለሉ። ሱቅ ውስጥ በአውራ ጣት ተጭናችሁ «ውይ ሲመች» የምትሉት ኮርቻ፣ አጥንቱ ሲሰምጥ መሃሉ ወደ ላይ ይገፋችኋል፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይብሳል። ለረጅም መንገድ ጠንከር ያለ ይሻላል። ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ በኮብልስቶን፣ ቀጥ ብላችሁ ከሆነ የምትነዱት፣ ባለ ሞላው ጥሩ ነው።

የጭን ውስጥ ይላጣል

ወይ ኮርቻው ከፊት ሰፍቷል፣ ወይ ልብሱ ነው። ሽርጥ ታጥቆ መንዳት እጥፋቱ ቆዳ ይፍቃል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ጫፉ ሽክርክሪት ወይ ካቴና ውስጥ መግባቱ ነው። ከስር ቁምጣ ልበሱና ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቡት። ፀሐይ የሰነጠቀው የኮርቻ ልባስም ይፍቃል፤ ቆላ ያላችሁ ሳይክላችሁን ጥላ ስር አቁሙ።

ሲጢጥ ይላል

ባለ ሞላ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት። ካልተወ ኮርቻውን ከስር የያዙትን ሁለቱን ብረቶች ተመልከቱ፤ ስንጥቅ ካያችሁ ቀን ሳትሰጡ ጣሉት።