የመጋዝ ማሽንን ጠረጴዛ ሳያዝጉ ለመገጣጠሚያ እንዴት ይጠቀሙበታል?

ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ከመጋዝ ማሽኑ ጠረጴዛ የተሻለ ለጥ ያለ ገጽ አይገኝም። የቁም ሳጥን በርም ሆነ መሳቢያ በኮላ ሲጣበቅ ሁሉም ሰው ወደዚያው ይሄዳል። ችግሩ፣ የአብዛኞቹ ደህና ማሽኖች ጠረጴዛ ከጊዛ (ካስት አይረን) የተሠራ ነው፤ ነጭ ኮላ ደግሞ ውሃ አለበት። አንድ ጠብታ ብረቱ ላይ ሲወድቅ ላዩ ቶሎ ይቆረፍዳል፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት ግን መውጫ ያጣል። ሲፋቅ ክብ የዝገት ጠባሳ ይቀራል። ጉዳቱ ለእንጨቱም ይተርፋል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ታኒን የበዛበት እንጨት እርጥብ እያለ ብረት ከነካ ጥቁር እድፍ ይይዛል።

መጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ብሬከሩን ያውርዱ። ዲስኩን ከጠረጴዛው በታች እስኪገባ ዝቅ ያድርጉት። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጣበቀው ዕቃ ገፍቶ ሊያስነሳው ይችላል።

ሰጋቱራውን በብሩሽ ካነሱ በኋላ ጠረጴዛውን በአኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛ) ወልውለው ያድርቁት። ቀላል ዝገት ካለ በቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሹት። ከዚያ ስስ ሰም ይቀቡ፤ 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ጨርቁ እስኪንሸራተት ድረስ ያፍትጉት። የንብ ሰም በአኳራጃ ማላላት ይቻላል፤ 1 እጅ ሰም ለ3 እጅ አኳራጃ ይበቃል። ሰሙ የሚቀልጠው በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ነው፤ አኳራጃው የሚጨመረው ደግሞ እሳቱ ጠፍቶ፣ ዕቃው ከምድጃው ርቆ ነው፤ ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የመኪና ሰም አልመክርም። ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው፤ ሲሊኮን እንጨት ላይ ከተላለፈ ቫርኒሹ ዓይን ዓይን እየሠራ አልይዝም ይላል። የሞተር ዘይትም እንዲሁ እንጨቱን ያቆሽሻል።

ዋናው ሥራ ክዳኑ ነው። 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጠፈጠፈ ሰሌዳ) ይውሰዱና ከጠረጴዛው በየጎኑ 2 ሴንቲ ያህል አስረዝመው ይቁረጡት። በትርፉ ጠርዝ ሥር፣ ከጠረጴዛው ውጭ በሚውለው ክፍል፣ ክዳኑ እንዳይንሸራተት 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ዙሪያውን ይምቱ። የመምሪያው (ሲቆረጥ እንጨቱ የሚደገፍበት ቀጥ ያለ ብረት) ሐዲድ ባለበት በኩል ጣውላውን ይተዉት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ብረቱ ላይ አይተኛም። ብሎኑ ከላይ ወደ ታች ይግባ፤ ርዝመቱ ከ25 ሚሊ አይብለጥ፤ ጭንቅላቱም ከገጹ ትንሽ ዝቅ ይበል። ዕቃ የሚቧጭረው ብቅ ያለ የብሎን ጭንቅላት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ክዳኑን ጭኖ ለሳምንታት ይተወዋል፤ ሲያነሳው ከኮላ የዳነው ጠረጴዛ ሙሉ በሙሉ ዝጎ ያገኘዋል። እንጨትና ኤምዲኤፍ እርጥበት ይጠጣሉ፤ የጠጡትንም ከብረቱ ጋር አጣብቀው ያቆያሉ። በተለይ በክረምት፣ ሌሊት ብረቱ ቀዝቅዞ ጠዋት እርጥብ አየር ሲገባ ጤዛ ይቋጥራል፤ በተከደነ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ያ ጤዛ አይተንም። ላስቲክ ማንጠፍም ከዚህ አያድንም፣ ጭራሽ ይብሳል። ስለዚህ የክዳኑን ሁለቱንም ገጽና ጠርዞቹን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡ። አንዱን ገጽ ብቻ ከቀቡ ክዳኑ ይጣመማል። ቫርኒሹ በደንብ ሳይደርቅ ብረቱ ላይ አያሳርፉት። ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ማሽኑ ላይ አይደር።

የክዳኑን የላይኛ ገጽም ሰም ይቀቡት፤ ኮላ አይዘውም። የፈሰሰው ኮላ እንደ ላስቲክ እስኪለመጥ ጠብቀው በስፓቱላ ይላጡት። ገና ፈሳሽ እያለ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ውሃውን ወደ ክዳኑ ጠርዝና ወደ ጠረጴዛው ቦዮች ይነዳል።

ክዳን ቢኖርም መዶሻ እዚህ ላይ አይነሳ። ጊዛ ጠንካራ ቢመስልም ተሰባሪ ነው፤ የጎን ክንፎቹም በምት ከልካቸው ይወጣሉ። መሮ የሚመታው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፒያላ (የእንጨት መላጊያ ማሽን) ላይማ ጨርሶ አይገጣጠም፤ የሁለቱ ገጾቹ ልክ ከተዛባ ቀጥ ያለ ጠርዝ አያወጣም። ብየዳም እንዲሁ ክልክል ነው። ፍንጣሪው ገጹን ይበሳሳል፤ የመሬት ገመዱ ማሽኑ ላይ ከታሰረ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው አልፎ ሊያበላሸው ይችላል።

ወደ መቁረጥ ከመመለስዎ በፊት ቦዮቹን በቀጭን እንጨት ይጥረጉ፤ እዚያ የደረቀ የኮላ ፍርፋሪ በቦዮቹ ውስጥ የሚንሸራተተውን የእንጨት መግፊያ ያስነክሳል። ጠረጴዛው ላይ እንጨት መጎተት ሲጀምር ሰሙን መድገሚያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።